የክቡር አትቸኩል ጥናትና የአባቴ አሥራ አራት ሰዓት

ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ስለሚገዙት ዕቃ ብዙም አያውቁም። ጠንቅቀው የሚያውቁት የማይገዙት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም። ስለ ማቀዝቀዣ ጠይቁት፣ ከምሳ ሰዓት እስከ መውጫ ያስረዳችኋል፤ ቤቱ ግን ማቀዝቀዣ የለም። የትኛው ጫማ ውሃ እንደማያስገባ ያውቃል፤ የራሱ ግራ ጫማ ግን ያስገባል።

የእኛው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ክቡር አትቸኩል ብለን የሰየምናቸው እኛ ነን። ማንም ምንም ሊገዛ አስቦ ቢያማክራቸው ከመነጽራቸው በላይ አየት ያደርጉትና "አትቸኩል" ይሉታል። ከዚያ ደብተር ያወጣሉ። በደብተሩ ውስጥ የከተማው ሱቅ ሁሉ ከእነ ዋጋው፣ ከእነ ዋስትናውና ከእነ ሻጩ ጠባይ ተጽፏል። ሻጮቹም ሲያዩዋቸው ወንበር ያቀርቡላቸዋል፤ እንደማይገዙ ያውቃሉ፣ ግን ሌላውን ደንበኛ ያስረዱላቸዋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ፊታቸው ቀረብኩ። ላፕቶፔ አርጅቶ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀምሮ ነበር። ውስጡ ግን የአባቴ ድምፅ አለ። አባቴ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ የሕይወት ታሪኩን ቀድቼዋለሁ፤ አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ፣ ከእነ ሳሉ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

"ጋሼ፣ ብዙ ሳላወጣ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር። ምን ይሻለኛል?"

"ስንት ሰዓት ነው ያልከው?"

"አሥራ አራት።"

"ከባድ ፋይል ነው" አሉ ዓይናቸው በርቶ። "አትቸኩል። እኔ አጠናልሃለሁ። ለመለኪያ ግን ራሱን ፋይሉን ነው የምጠቀመው። ስጋት አይግባህ፣ የሰው ነገር ነውና የገለበጥኩት ቅጂ ተለክቶ ሲያበቃ ይደመሰሳል።"

ጥናቱ ተጀመረ። በየጥቂት ወሩ ላፕቶፔን በምሳ ሰዓት ይወስዱና ፋይሉ ለመገልበጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ሰዓታቸውን እያዩ ይለካሉ። ውጤቱን ቆመው ነው የሚያነቡልኝ። ፍላሽ ርካሽ ነው፤ ግን ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከሱሪ ጋር ይታጠባል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ደህና ነው፤ ግን ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ? "በነጻ የሚሰጡህ ቦታ አባትህን እስከ ጉርምስናቸው ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው" አሉኝ። "ከዚያ ወዲያ በየወሩ እየከፈልክ ነው የምታሳድጋቸው።"

የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባችንም አማክራቸው ስምንት ወር ጠብቃ ታከታትና በራሷ ሄዳ ሃርድ ዲስክ ገዛች። ክቡርነታቸው ዕቃውን አገላብጠው አዩና "እግዜር ያጽናሽ" አሏት። በወሩ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ደብተራቸው ላይ አረሙና "አሁንማ ጭራሽ አይነካም" አሉ። እኔም አልነካሁም። ስንፍናዬን በእሳቸው ጥናት መሸፈን ተመችቶኝ ነበር ብል ይሻላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፑ አልነሳም አለ። ጠጋኙ ፈታው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ ከዚያ "ዲስኩ ሞቷል። ባክአፕ አለህ አይደል?" አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ባይኖር ኖሮ አለቅስ ነበር።

በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሁ። "ጋሼ፣ ሦስት ዓመት አትቸኩል አሉኝ፤ አልቸኮልኩም። ይኸው አባቴ ሁለተኛ ሞተ።"

ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የታችኛውን መሳቢያ ከፈቱ። ሰባት ፍላሾች በሰባት ፖስታ ተደርድረዋል፤ በየስልጠናው ለተሳታፊ የሚታደሉት፣ የድርጅት ስም የታተመባቸው። አንዱም የተገዛ አይደለም። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ በእጃቸው ጽሑፍ ቀን፣ ፍጥነትና "ሙሉ ነው" የሚል ቃል አለ።

"ይደመሰሳል ብለውኝ አልነበር?"

"ይደመሰስ ነበር። ግን መጀመሪያ ቅጂው ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ። ለማረጋገጥ ደግሞ መስማት አለብኝ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "አራተኛው ሰዓት ላይ ብስክሌታቸውን የሸጡ ዕለት ሲያወሩ አባትህን ሦስት ጊዜ ያስላቸዋል። ሳሉ በሰባቱም ላይ አለ። ያንን ሰምቼ እንዴት ብዬ ልደምስስ?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጥናቱ አላለቀማ።"

ተቆጥቼ እንደገባሁ ትዝ ይለኛል፤ ቁጣው የት እንደ ደረሰ ግን አላውቅም። ሰባቱንም ፖስታ አቅፌ ቆምኩ።

የልጃቸው የሠርግ ፎቶዎች ያሉት ጠረጴዛቸው ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለራሳቸው ገና አልወሰኑም። በደመወዝ ሳምንት ማንንም ሳላማክር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ለፎቶዎቹ ይሁንዎ ብዬ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሣጥኑን አገላበጡት።

"ስንት ገዛኸው?"

ነገርኳቸው።

"ቸኩለሃል" አሉ በሐዘን።

በማግስቱ ሳልፍ ካስቀረሁላቸው አንድ ፍላሽ ጋር ሰክተውት አየሁ። ፎቶዎቹን የሚገለብጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እርሳስ ይዘው ያዳምጣሉ። ከኮምፒውተሩ አባቴ ሳለ፤ ሦስት ጊዜ። እሳቸውም ስምንተኛው ፖስታ ላይ "ሙሉ ነው" ብለው ጻፉ።