ያላየሁት እጅ

መርካቶ ውስጥ ሰው በሁለት ነገር ይመዘናል፤ በሚሸጠው ዕቃና በሚሰጠው ሰላምታ። ዕቃው ቢበላሽ ይለወጥለታል፤ ሰላምታው ከተበላሸ ግን መለወጫ የለውም። ደግሞ ሰላምታ ስላችሁ አንገትን ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ እንዳይመስላችሁ። ባርኔጣ ይነሣል፣ ወገብ ጎንበስ ይላል፣ የልጆች ጤና፣ የሚስት ጤና፣ አገር ቤት የቀሩት ከብቶች ጤና አንድ በአንድ ይጠየቃል። ከብት የሌለውም ሰው «ደህና ናቸው፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። ሥራ ፈትተን አይደለም። በሰላምታ ያላከበርከውን ሰው በሌላ ነገር ብታከብረው አያምንህም።

እኔ እንግዲህ ከሰባተኛ ሰፈር ወረድ ብሎ ጨርቅ የምሸጥ ሰው፣ ሃምሳ ዓመቴን በደፈንኩ ማግስት «ጠገበ» ተባልኩ። ሰላም ሲሉት ዘግቶ ያልፋል አሉኝ። ጃንሆይ በዚያ ያልፋሉ የሚል ወሬ ሰምቼ ሱቄን አረንጓዴ ቀለም ማስቀባቴ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ጃንሆይ አላለፉም፤ ቀለሙ ግን ለሐሜት ቀረ።

እርግጥ ምልክት አልነበረም አልልም። ጆንያ የተሸከመ ኩሊ ከጎኔ ሲመጣ እጋጨው ጀምሬ ነበር። አህያዋን እንኳ የማያት ገፍትራኝ ካለፈች በኋላ ነው። እኔም ጥፋቱን በአህዮቹ አላከክሁና የዘንድሮ አህያ ስድ ሆኗል እያልኩ ከረምኩ። ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው እስከ ጋቢው ጥለት ድረስ እያየሁ ዐይኔን ምን ብዬ ልጠርጥር?

ጎረቤቴ ሐጂ ሸምሱ ጃንጥላ ሻጭ ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተናል። ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቃቸውን ክፍት አድርገው ለእኔ ይተዉልኛል፤ እኔ ለንግሥ ወደ አማኑኤል ስሄድ የእኔን ሱቅ እሳቸው ይጠብቃሉ። እናታቸው የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሁሉ እጅ ነሥቼ፣ ሐጂን ባላገኛቸው ጓዳ ይሆናሉ ብዬ፣ ጥቂት ተቀምጬ ወጣሁ። ለካ እሳቸው በግራዬ በኩል ከመግቢያው አጠገብ እጃቸውን ዘርግተውልኝ ኖሯል። የሐዘንተኛ እጅ አልፌ ሄጃለሁ! ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ሐጂ ሱቃቸውን ቆልፈው ሄዱ። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ምን አድርጌያቸው ይሆን ብሎ መጠየቅ ሲገባኝ «ኮሩብኝ» ብዬ ደመደምኩ። ሰው የራሱን ስም ሌላው ላይ መለጠፍ ይወዳል።

በዚህ መሃል ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላትሜ ግንባሬ ተፈነከተና ባለቤቴ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ፈረንጁ ሐኪም ግንባሬን ትቶ ዐይኔን ይመረምር ጀመር። በአስተርጓሚ «አፍንጫዬን ብቻ እይ፤ ጣቴ ከጎን ሲታይህ ንገረኝ» አለኝ። አፍንጫውን እያየሁ ጣቱን ጠበቅሁ። ጣቱ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ ማልቀስ ስትጀምር ነው ጣቱ እዚያው ሲወዛወዝ እንደነበረ የገባኝ።

ግላኮማ ይባላል አለ። በዐይን ውስጥ ግፊት እየበዛ ዳር ዳሩን ይበላል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ ካደረግህ ማቆየት ይቻላል። «እስከ መቼ?» ስለው «ዕድሜህን ሙሉ» አለኝ። ፈራሁ። ዐይኑ የታመመ ጨርቅ ነጋዴ ቀለሙ አይለቅም ቢል ማን ያምነዋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን በኪሴ ይዤ በሽታውን ደበቅሁ። ባለቤቴንም አስማልኳት። ዕውር ከምባል ጥጋበኛ ልባል።

ኋላ ሽማግሌ ገባ። ዋናው ባላምባራስ ይመኑ ናቸው፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ድመትና አይጥን ብቻ ነው። እኔንና ሐጂን ጠርተው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን።

«ሐዘንተኛ እጁን ሲዘረጋልህ ዘግተኸው ያለፍከው ምን ቢያደርግህ ነው?» አሉኝ ባላምባራስ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ያም ሆኖ እውነቱን አላወጣሁም። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ብቻ አልኩ።

«በሉ እንግዲህ ተጨባበጡ።»

ታላቄ ናቸውና ቀድመው እስኪዘረጉ ጠበቅሁ፤ ፊታቸውን ማየት አፍሬ ዐይኔን ባላምባራስ ላይ ተክያለሁ። ባላምባራስ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«እኛ ፊት ደግሞ!» ብለው ብድግ አሉ።

ከግራዬ የሐጂ ድምፅ መጣ። «ምን በደልኩህ፣ ወንድሜ?»

«አላየሁዎትም» አልኩ። «ሐጂ፣ ከጎኔ ያለ ነገር አይታየኝም። ዐይኔ ታሟል። አይድንም አሉኝ።» እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት፤ ባለቀስኩትም አላፍርም።

ባላምባራስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሐጂ የዘረጉትን እጅ አላጠፉም። ተነሥተው ዞሩና ፊት ለፊቴ ቆመው እንደገና ዘረጉልኝ። ጨብጬ ሳምኩት።

ወሬው እኔን ቀድሞ ሱቄ ደረሰ። የፈራሁት አልደረሰም፤ ገዢ አልጎደለብኝም። እንዲያውም በጎኔ የሚያልፍ ሁሉ ስሙን እየጠራ ሰላም ይለኛል። ሰላም ሊሉኝ የማይፈልጉት ደግሞ «አያየንም» እየተባባሉ ሹልክ ይላሉ። ከማን ሰማህ አትበሉኝ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። የቀትሩን ጠብታ ሐጂ ናቸው የሚያደርጉልኝ፤ አንዷን ዐይኔ ውስጥ፣ ሁለቱን ጉንጬ ላይ።

ከዕርቁ በኋላ በመጣው ዓርብ ሐጂ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ለጁምዓ ሲነሡ ደነገጥኩ።

«ሐጂ፣ ነገርኩዎት እኮ! አንዱ በጎን ገብቶ ቢሰርቅዎትስ?»

ቆባቸውን አስተካከሉ። «በሙሉ ዐይንህ ስትጠብቅልኝስ ስንት ጃንጥላ ጠፍቶብኛል መሰለህ? አንድ ቀን ተናግሬህ አውቃለሁ?»

ይህን ብለውኝ ወደ መስጊዳቸው ሄዱ። እኔም ወንበሬን ጎትቼ በራቸው መሃል ላይ ተቀመጥኩ። የሚሰርቅ እንግዲህ በፊት ለፊቴ ይግባ።