ወንበር ላይ ያለው ልጃችን

ሰው የስፖርት ክለብ የሚመርጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ አባቱ ይደግፈው የነበረውን ይወርሳል፤ ሌላው የመለያው ቀለም ዓይኑን ይስበዋል፤ ካሸናፊ ጋር ካልተሰለፈ እንቅልፍ የማይወስደውም አለ። እኛ የሰቆጣ የቅርጫት ኳስ ደጋፊዎች ግን (አዎ፣ አለን፤ አይሳቁ) ክለብ መርጠን አናውቅም። የመረጥነው ሰው ነው። እሱ የገባበት ክለብ ሁሉ ክለባችን ነው፤ የለቀቀ ዕለት እኛም እንለቃለን። ያውም ያለ መልቀቂያ ደብዳቤ።

ሰውየው ኪሮስ ይባላል፤ እዚሁ ዋግ ውስጥ ያለችው የዝቋላ ወረዳ ልጅ ነው። መምህር ለመሆን እዚህ ኮሌጅ ገብቶ ሲማር፣ ከሰዓት በኋላ በኮሌጁ ሜዳ ይጫወት ነበር። እኔ ያኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የግብርና መሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኛ ነኝ፤ ዘመድ የለኝ፣ ወዳጅ የለኝ፤ ከሥራ ስወጣ የምሄድበት ሲጠፋኝ እግሬ ወደዚያ ሜዳ ወሰደኝ። ቅርጫቱ መረብ ስላልነበረው ኳሷ በውስጡ ትለፍ በጎኑ ትለፍ አይለይም። ከከተማው ሰው ጋር የተዋወቅሁት "ገባች፣ አልገባችም" እያልኩ ስከራከር ነው።

ሀጂ ኢድሪስን ያገኘሁት በዚሁ ክርክር ነው። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ኪሮስ ሲጫወት ዘግተው ይመጡ ነበር። የጨዋታውን ሕግ እስከ ዛሬ አያውቁም፣ ለማወቅም አልፈለጉም። ሲስተር አለም ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ኪሮስ በወደቀ ቁጥር ሜዳ ገብታ ቁርጭምጭሚቱን የምታሽለት እሷ ነበረች።

ኪሮስ እንደተመረቀ ከትልቁ ሊግ አንድ ክለብ ወሰደው። ልጅ እንደዳርን ሆነን ሸኘነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችንም ሀጂ ሱቅ ነን። ጨዋታው የሚተላለፈው በኢንተርኔት ስለሆነ ስልኬን የጨርቅ ጥቅል ላይ እናስደግፍና እንኮለኮላለን። ኔትወርኩ ኪሮስን አየር ላይ እንደዘለለ ያደርቀዋል፤ እኛም አንገታችንን እንዳሰገግን ሲወርድ እንጠብቃለን።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ክለብ ገባ። በቀደመው ሳምንት ስሙን ያጠፋነውን የዚያን ክለብ አሰልጣኝ በዚያ ሳምንት "እሱማ አዋቂ ነው" አልነው። አላፈርንም።

ሦስተኛው ክለብ ግን አስቀመጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየነው ጨዋታ ሳይሆን ወንበር ነው። ካሜራው በተቀያሪዎቹ ፊት ሽው ሲል ሀጂ ኢድሪስ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

"ይኸው! አየሁት! ፎጣ ይዟል!"

"ሀጂ፣ ጉልበቱን አሞታል" አለች አንድ ቀን ሲስተር አለም። "እግሩን እንዴት እንደዘረጋው አላዩም?"

"አታሟርቺ! ለፍጻሜው እያቆዩት ነው።"

ዘንድሮ የፋሲካ ሰሞን ኪሮስ ራሱ መጣ። ከሚኒባስ ሲወርድ ቀድሞ የወረደው ግራ እግሩ ነው፤ ቀኙን በእጁ ደግፎ አወጣው። ሱቁ ውስጥ አስቀመጥነውና ዙሪያውን ከበብነው። ስለ ጉዞው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቅነው። ዋናውን ነገር የሚያነሳ ጠፋ። በኋላ ሀጂ ደፈሩ።

"እንግዲህ መቼ ነው የምትመለሰው ልጄ?"

"አልመለስም ሀጂ። ሐኪሞቹ ጉልበትህ አበቃ አሉኝ።"

ሲስተር አለም አንገቷን ደፋች፤ ልክ ሆና መገኘቷ ምንም ደስ አላላትም። ሀጂ ኢድሪስ የያዙትን ጨርቅ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

"ታዲያ ከእንግዲህ እኛ የማን ደጋፊ ነን?" አሉ፤ ቀልድ ይሁን የምር አልለየሁም።

ኪሮስ ሳቀ። "ኮሌጁስ ዘንድሮ እንዴት ነው?" ሲል ጠየቀ። "እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የሚታወሰኝ የእናንተ ጩኸት ነበር። አዲሶቹ ደህና ይጫወታሉ?"

እኔ ሀጂን አየሁ። ሀጂ ሲስተር አለምን አዩ። እሷ ጣሪያውን አየች። ሜዳው ከሱቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ኪሮስ ከሄደ ወዲህ ግን አንዳችንም ረግጠነው አናውቅም።

"ያው... ሥራ በዛና..." አልኩ።

"ቅዳሜ ከሰዓት?" አለኝ ኪሮስ፤ በቁጣ ሳይሆን ለመረዳት ያህል።

በማግስቱ ወደ ሜዳው ይዞን ሄደ። የኮሌጁ ሴት ተጫዋቾች ልምምድ ላይ ነበሩ። የሚያያቸው ሰው ቢኖር የኮሌጁ ዘበኛ ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቷል። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ኳሷን ከተጋጣሚዋ እጅ መነተፈች፣ ሁለቱን አልፋ ዘለለች፣ አገባች። ሳናስበው ሦስታችንም ባንድ ላይ ጮኽን።

ጨዋታው ቆመ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩን። ኳሷን የያዘችው ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ሜዳውን ልቀቁ ልንላቸው የመጣን መስሏቸው ኖሯል። ለካ የሚጮህላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

ረጅሟ ልጅ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ወደ ሀጂ ኢድሪስ ቀረበች።

"አባባ፣ ሰው ፈልገው ነው?"

ሀጂ ወደ ኪሮስ ዞሩ፤ ኪሮስ አላገዛቸውም።

"አዎ ልጄ" አሉ። "የምንደግፈው ሰው ፈልገን ነበር።"

ልጅቷ አራታችንንም በየተራ አየችን።

"እንግዲያው ከፀሐዩ ፈቀቅ ብለው ይቀመጡ፤ ገና መጀመራችን ነው" አለችና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።