ሊቀ መጻሕፍት ዘኢያነብብ የልጁን የሒሳብ መጽሐፍ ለባዕድ ያዋሰበት ዜና

አንድ ልጄ አዲስ ስልክ በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚስቱ መናገር ታክቷት ዝም ባለች በመጀመሪያው ዓመት፣ የልጅ ልጄም ለመጨረሻው ፈተና ሳምንት ሲቀራት፣ ሊቀ መጻሕፍት ዘኢያነብብ፣ መፍቀሬ ሽፋን፣ ጸላኤ አቧራ የተባለው ይኸው ልጄ በቤቱ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ መዝግቦና ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለዓለም ሊያካፍል በልቡ መከረ። እኔ እናቱ፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ ሳሎናችንን ሊያይ ነው ብዬ መጋረጃውን ብጎትት፣ ብርሃን ከለከልሽኝ ብሎ መልሶ ገለጠው።

ተከትለውት የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፤ ስልኩን ደግፎ የሚያቆመው የስኳር ጣሳ፣ መቀሱ፣ ፕላስተሩ፣ ከልጅቷ የጥናት ጠረጴዛ የተማረከው መብራት፣ ወንበሩን ይዛ የምትቆመው ሚስቱ፣ ትወድቃለህ እያልኩ ከኋላ የምጨነቀው እኔ። የመጻሕፍቱ ቀለም ተዘበራርቆ ለፎቶ አያምርም ብሎም ሁሉን በአንድ ዓይነት ቡናማ ወረቀት ሸፍኖ ቁጥር ለጠፈበት፤ ብዛቱ እንዲያስደንቅ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውንም አልጋ ላይ ያገኘውንም፣ የፍሪጁን መመሪያ ሳይቀር አስገባ፤ በእያንዳንዱም ሥር «አንብቤዋለሁ፤ ሕይወቴን ለውጦታል» ብሎ ጻፈ። ፍሪጁ እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል።

ከዚያም አዋጅ አወጣ፦ «መጽሐፍ ወዳዶች ስሙ። ቤቴ ቤታችሁ ነው፤ የመረጣችሁትን ጻፉልኝና መጥታችሁ ውሰዱ። ወር ሳይሞላ መልሱ አልልም፤ ቃሌ ቃል ነው።»

ስልኩ ላይ ልብ በልብ ተከመረለት፤ እራት ላይ እያነሣ ያሳየን ጀመር። በማግስቱ አንድ ፀጉር አስተካካይ መጥቶ የሒሳብ መጽሐፍ ጠየቀ፤ ሊቁም ሳይገልጥ አንሥቶ ሰጠው፣ ተጨባብጠውም ፎቶ ተነሡ። እኔ በበሩ ቀዳዳ መልኩን ያዝኩ፣ ፀጉር ቤቱ የት እንደሆነ ሲናገርም ሰማሁ፤ ምን ይታወቃል።

ማታውን ልጅቷ ፍራሽ ገልብጣ፣ ቁም ሣጥን አራግፋ መጽሐፏን አጣች። ዓመቱን ሙሉ በየገጹ ጠርዝ እየሠራች የተለማመደችበት ነው፤ ያለ እርሱ ምኑን ይዛ ትቀመጣለች? እናቷም ከወጥ ቤት አዋጅ አስነገረች፦ «መጽሐፉ እስኪገባ እዚህ ቤት እራት የለም። የላኩልህን ልቦች ጠብሰህ ብላ።»

ሊቁም ከሶፋው ሳይነሣ መለሰ፦ «አምጣ ብለው ሰው ምን ይለኛል? በአደባባይ የተናገርኩትን አላጥፍም፤ ከጓደኛዋ ትዋስ።»

እኔም ጃንጥላዬን ይዤ፣ የሚያመኝን ጉልበቴን እየጎተትኩ፣ ልጅቷን አስከትዬ ወደ ፀጉር ቤቱ ዘመትኩ። ሰውዬው የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ራስ ላጭቶ ሳለ ከበሩ ላይ አወጅኩ፦ «ልጄ፣ ያ መጽሐፍ የዚህች ልጅ ነው፤ ሰኞ ፈተና አለባት። ስጠንና በሰላም እንለያይ።»

መላጫውን አስቀምጦ መጽሐፉን ከመስተዋቱ ሥር አወጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨው ደንበኛ ሳይቀር እየሰማ እንዲህ አለ፦ «እማማ፣ የተማሪ መሆኑን ስገልጠው ነው ያየሁት፤ ስሟ አለበት። ወዲያውኑ ለልጅዎ ‹ይሄ የልጅ መጽሐፍ ነው፣ ላምጣው ወይ?› ብዬ ጻፍኩለት። ‹መልካም ንባብ› ብሎ ልብ ላከልኝ።»

ልጅቷ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አጣብቃ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤት ስንደርስ መብራቷን ከምርኮ አስመልሼ ጠረጴዛዋ ላይ ተከልኩላት፤ በሯ ላይም ወንበር አኑሬ ተቀመጥኩ። በዚያችው ሰዓት ሊቁ ከሳሎን አዲስ አዋጅ ያወጣ ነበር፦ «የመጀመሪያው መጽሐፍ ከቀኑ ቀድሞ ተመለሰ። መተማመን ማለት ይህ ነው።» ልብም ዘነበለት።

እንግዲህ ምስጋና ይድረሰው ለሊቀ መጻሕፍት፣ ለመፍቀሬ ሽፋን፣ የራሱን ሳይነካ የልጁን ለሰጠ ለጋስ፣ ገጽ ሳይገልጥ ሕይወቱ ለተለወጠ ጠቢብ። ከእርሱ በፊት እንዲህ ያለ አልተነሣም፤ ከእርሱም በኋላ አያስነሣብን።