ችሎት የገቡት አስለቃሽ

ፊልም ቢያስለቅሰኝ አልቀየምም። ሞታ የተቀበረችው ተዋናይ በሌላ ፊልም ስትዳር እንደማያት አውቃለሁ፤ ወድጄ ገብቼ ወድጄ እታለላለሁ። ችሎት ግን ሲኒማ ቤት ነው እንዴ?

ይህን የምጠይቀው እትዬ የሺን ነው። ሀገር ቤት ሳሉ ስመ ጥር የለቅሶ ቤት አስለቃሽ ነበሩ። ዛሬ እዚህ ኦማን፣ ሙስካት ከተማ ዋዲ ከቢር ሰፈር ተቀምጠው፣ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ እህቶቻችንን ማልቀስ ያስተምራሉ።

በቅርቡ ዘሀራ የምትባል የቤት ሠራተኛ የአሠሪዋን የአንገት ሐብል ሰርቀሻል ተብላ ታሰረች። ሐብሉ በጠፋበት ቀን የቤቱን ሕፃን ይዛ ሆስፒታል ነበር የዋለችው። ይህንኑ መናገር አይበቃትም ነበር?

«ሆስፒታሉን ተይው!» አሏት እትዬ የሺ ሊጠይቋት ሄደው። «ዳኛ የሚረታው በእንባ ነው። ደረትሽን ምቺ፣ ያላ!»

ዳኛው በአስተርጓሚ «ያን ቀን የት ነበርሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ዘሀራ እንደተመከረችው ደረቷን መታች። እትዬ የሺ ከኋላ ወንበር ሙሾ አወረዱ፤ አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ተቀበሉ። ዳኛው ደንግጠው «ማን ሞተ?» አሉ። ማን ይመልስላቸው? አስተርጓሚው ራሱ እንባውን እየጠረገ ነበር!

ቀጠሮ ተሰጠ። ፊልም ሲያልቅ መብራት ይበራና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚህ ችሎት ግን ወደ ቤታቸው የሄዱት አልቃሾቹ ብቻ ናቸው፤ ዘሀራ ወደ እስር ቤት ተመለሰች።

ከችሎቱ ስንወጣ እትዬ የሺ በር ላይ ያዙኝ። «አየህልኝ? ፖሊሱ እንኳ አለቀሰ!»

«ሆስፒታል እንደዋለችስ ተናገረች?»

«ውይ ልጄ! በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ማን ይሰማታል?»