ቀለሙ የጾም ነው የፍስክ?

እንደ ውኃ የተከበረ፣ እንደ ውኃም የተናቀ ነገር በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ጸበል ሲሆን ተጋፍተን እንጠመቅበታለን፤ ዝናብ ሆኖ ሲዘገይብን ምሕላ እንይዛለን። ያው ውኃ ወተት ውስጥ ሲገባ ግን ባለወተቷ ሌባ ትባላለች፤ ጠላ ውስጥ ሲበዛም የጠማቂዋ ስም ይጠፋል። «ውኃ ገባበት» ከተባለ ያ ነገር አለቀለት። ታዲያ ስንት ሙያ ሞልቶ ሳለ፣ እኔ ደብረ ታቦር ላይ ቁጭ ብዬ በውኃ የሚሠራ ቀለም ካልፈለሰፍኩ ማለቴ ምን የሚሉት ዕብደት ነው?

መተዳደሪያዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። በትርፍ ጊዜዬ (ባለቤቴ ዋናውም ጊዜህ ጭምር ነው ትላለች) ፖሊመር ስቀምም እውላለሁ። አትደንግጡ፤ ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ነገሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። የምታዩት አረንጓዴና ቢጫ ጌጥ ብቻ ነው፤ ቀለሙን ግድግዳው ላይ አንቆ የሚያኖረው ይህ ሰንሰለት ነው። የዘይት ቀለም የሚቀጥነው ራስ በሚያዞር ፈሳሽ ነው፤ የእኔው ግን በውኃ። ውኃው ተኖ ሲሄድ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ወዲያማ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነው።

ፋብሪካዎች ለዚህ ሰንሰለት የሚጠቀሙበት ሙጫ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለሆነ፣ እኔ ከደጄ ምን ይገኛል ብዬ ፈለግሁ። አገኘሁ፤ አሬራ! ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ውስጥ የሚቀረው ፕሮቲን ፈጣሪ ራሱ የሠራው ፖሊመር ነው። ረግቶ፣ ታጥቦ፣ በኖራ ሲሟሟ ግሩም ሙጫ ይወጣዋል። ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጠ አገር አሬራን ቀለም ማድረግ ሊያቅተው ነው? እያልኩ ሰው በሌለበት ንግግር አደርግ ነበር። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሜን የሚያምን ሰው። ጎረቤቶቼ ጨዋ ስለሆኑ አስቀያሚ ነው አይሉኝም፤ «እስቲ መጀመሪያ ሌላው ይሞክረው» ይሉኛል። ይህን ሁሉ ዘመን የደከምኩበትን ነገር አንድ ሰው ግድግዳ ላይ እንኳ አለማየቴ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንገበግበኝ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ አለቃ ይትባረክ፣ ለቡሄ በዓል የደጀ ሰላሙ ዓምዶች ይታደሱ አሉ። ባልዲዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። አለቃ ባልዲውን አስከፍተው አዩ፤ ጣታቸውን ነከር አድርገው አሸት አሸት አደረጉና፣ ልጄ ይኸ ነገር ውኃ ውኃ አላለም ወይ አሉኝ። በውኃ የሚቀጥን መሆኑን በኩራት አስረዳሁ። ፊታቸው ጠቆረ። አጠገባቸው የቆመው ደብተራ ስንቄ፣ በሰፈሩ ክርክር የሚወድደው እሱ ነው፣ «ውኃ የገባበት ቀለም ለእግዚአብሔር ቤት?» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ይህን ጊዜ ነው አፌ የቀደመኝ። «ምን ነካዎት አለቃ! ንጹሕ የላም ወተት ያለበት ነው እንጂ!» አልኩና፣ በአካባቢው ያለው ሁሉ እንዲሰማ ደገምኩት። የአለቃ ፊት በራ። ወተት ያለበት ነገር እንዴት መጥፎ ይሆናል?

ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑ ለአንዳችንም አልታወሰንም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በጾም ደግሞ ጭራሽ ቅቤውም የለም።

ቀለም አይበላ፣ ጾም ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት እንዲሁ ነበር። ዓምዶቹን አረንጓዴ ቀባኋቸው፤ አቤት ማማራቸው! የደብረ ታቦር ነሐሴ ግን የውኃ ቀለም ጠላት ነው። ጉሙ ዓምዱን አቅፎ ይውላል፤ አየሩ ራሱ ውኃ ጠግቦ ሳለ የእኔን ውኃ ማን ይውሰድልኝ? በማግሥቱ ቀለሙ ለዓይን የደረቀ ይመስላል፤ ለእጅ ግን ገና ነው። ስለዚህ «እርጥብ ቀለም ነው፣ በእጅ አትንኩ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ሰቀልኩ። ሕዝበ ክርስቲያኑም ታዛዥ ነው፤ ማንም በእጁ አልነካም። ሁሉም በከንፈሩ ሳመ።

ደጀ ሰላም ደርሶ ሳይሳለም የሚያልፍ ማን አለ? ማስታወቂያውን ለመጻፍ ስቀመጥ እንኳ ይህን አለማሰቤ አሁንም ይገርመኛል፤ እኔው ራሴ ጠዋት ተሳልሜ ገብቻለሁ! ቅዳሴው ሊጀመር ሲል ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አረንጓዴ ከንፈር፣ አረንጓዴ አፍንጫ፣ አንዳንዱ ትጉህ ደግሞ አረንጓዴ ግንባር። ከንፈሩ ላይ እንግዳ ነገር ሲሰማው የማይልስ ሰው የለምና ሁሉም ላስ ላስ ያደርጋል። ደብተራ ስንቄ ይህን አየና ጮኸ። «ሰዎች፣ መምህሩ ወተት አለበት ብሏል እኮ!»

በቅጥር ግቢው ጎጆ ያላቸው መነኩሲት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ያን ቀን ሊቆርቡ ነበር። ከትናንት ጀምሮ እህል ውኃ በአፋቸው አልዞረም። እንደሳቸው አጥብቆ የተሳለመም ስላልነበረ አረንጓዴው አገጫቸው ድረስ ወርዷል። የደብተራውን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና «ወይኔ ልጄ፣ ጾሜን አስፈታኸኝ? ዛሬ ከሥጋ ወደሙ ልቀር ነው?» ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አሁን እየሣቅሁ አወራለሁ እንጂ ያን ጊዜ መሬቱ ቢከፈት ባልዲዬን ይዤ በገባሁ።

አለቃ ወደ እኔ ዞሩና፣ ወተት አለበት ወይስ የለበትም ብለው ጠየቁኝ። አለበት ብል እማሆይን አስቀርቻለሁ፤ የለበትም ብል ትናንት የለፈፍኩት ውሸት ሊሆን ነው። ስለ ፕሮቲን፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ሰንሰለት ዘረዘርኩ። ወተቱ ከኖራው ጋር ስለተዋሐደ ወተትነቱ ጠፍቷል ብዬ ደመደምኩ። ያን ቃል እዚያ ደጅ ላይ ማን ተናገር አለኝ? ደብተራ ስንቄ እጁን አነሣና፣ ተዋሕዶማ ከሆነ ባሕርዩ አልጠፋም አለ።

በመጨረሻ አለቃ መስቀላቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን። ወተትን ከድመት በላይ የሚያውቅ ፍጡር ስለሌለ ድመት ትጠየቅ አሉ። የእማሆይ ድመት ቅርብ ናት ተባለ። ደብተራ ስንቄ ግን ከመነኩሲት ጋር የምትኖር ድመት ጾም ለምዳ ቢሆንስ ብሎ ተቃወመ፤ ክርክሩም ተቀባይነት አገኘ። ስለዚህ ከመንገድ ማዶ ካለችው ወተት ነጋዴ ቤት አንድ ቦርጫም ድመት ታቅፎ መጣ።

ሥራዬን ብዙ ምሁር ገምግሞታል፤ እንደዚያ ጢማም ገምጋሚ ፊት ግን ቆሜ አላውቅም። በሆዴ «አትላስ፣ በእመቤቴ አትላስ» እላለሁ። የድካሜን ፍሬ ድመት እንኳ እንዲንቀው ስጸልይ ታዩኛላችሁ? ድመቱ ዓምዱን ዞረው፤ አሸተተ፤ አሰበ። ከዚያ ኖራው አፍንጫው ገባ መሰለኝ፣ አነጠሰና ጭራውን ቀስሮ ሄደ። እልልታው ቀለጠ! «ድመት የናቀው ወተት ወተት አይደለም፤ ጾማችሁ ደኅና ነው» ብለው አለቃ ፈረዱ። እማሆይ አፋቸውን ጠርገው ገቡ፤ ቆረቡም። ሲወጡ ግንባሬን ስመው መረቁኝ፤ ዕንባዬ መጣ።

ፀሐይ ብቅ ስትል ቀለሙ ደረቀ። ዛሬ በጥፍራችሁ ብትፍቁት ጥፍራችሁ ይጎዳል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። ጾሙ ተፈትቶ ጥቂት እንደቆየም አለቃ ይትባረክ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ቀለምህን ወደድነው፣ የቅጥሩን ግንብ ዙሪያውን ትቀባልናለህ አሉኝ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ባልዲ ላወጣ ስነሣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና፣ ባለቤቴ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የዚያን ቀኑን አይደለም ልጄ። አሁንማ ጾሙ ተፈቷል፤ ወተት ያለበትን አምጣልን» አሉኝ።