አሥራ ሦስት እግር ያለው ስፒና

እናንተዬ፣ ያገራችን ሰው "አላውቅም" ከሚል ጥርሱ ቢነቀል ይመርጣል። እስቲ ወልድያ መናኸሪያ ቆማችሁ መንገድ ጠይቁ፤ ቀድሞ እጁን የሚዘረጋው የማያውቀው ሰውዬ ነው፤ አንዳንዱማ ግማሽ መንገድ ድረስ ይሸኛችኋል። ይህ የሆነበት ዘመን ደግሞ የግምገማ ዘመን ነበር። ስብሰባ ላይ ተራ በተራ ተነስተን አረፍዳለሁ፣ ተነሳሽነት ይጎድለኛል፣ ድክመቴን ተቀብያለሁ እንላለን። አላውቅም ያለ ግን አልሰማሁም። እኔ የፊዚክስ አስተማሪው ደግሞ ከሁሉም እብስ ነበር።

ትምህርት በሌለኝ ቀን ሰርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። አረብ አገር ያለችው እህቴ የላከችልኝ ጊታር ጉደኛ ነው፤ ከአንድ ሳጥን ጋር በገመድ ሲያያዝ፣ ክሩን መታ ባደረጋችሁት ቁጥር እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል። ይህን ተማምኜ፣ መርሳ ላይ ልጃቸውን ለሚድሩት ለጋሽ በላይ "የማሲንቆውን ነገር ለኔ ይተዉት" አልኋቸው። ሽማግሌው ልጄ ያለ ማሲንቆ ከቤቴ አትወጣም ያሉ ሰው ናቸው። አምነውኝ ከግራና ሊመጣ የነበረውን ማሲንቆ መቺ አስቀሩት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል የሚባለው?

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ወደ መርሳ ስሄድ ሲሪንቃ ላይ የሚኒባሱ በር የገመዱን ስፒና ጨፈለቀው። አሥራ ሦስት ቀጫጭን እግር ያለው ስፒና ነው እንግዲህ። መርሳ እንደደረስሁ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግነው ወደ ሰይድ ሮጥሁ። ሙሽራው የሚመጣው ስምንት ሰዓት ነው፤ ያኔ አራት ሰዓት አልፏል።

ሰይድ ስፒናውን አገላብጦ አየና፣ "የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ ያውቁታል አይደል፣ መምህር?" አለኝ።

"እንዴታ!" አልሁ። ምን ልበል? ወልድያ የሚማረውን የሱን ልጅ ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ቢስሚላሂ ብሎ ገመዱን ከስፒናው ሥር ቆረጠው። አሥራ ሦስቱ ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ከዚያ እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን።

"በል እንግዲህ፣ ባለሙያው አንተ ነህ።"

"ኧረ መምህር ባሉበት!"

በር ላይ እንደተገናኙ ሁለት እንግዶች ይቅደሙ፣ የለም አንተ ቅደም ስንባባል አምስት ሰዓት ሆነ። ኃይል የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ቦታ ከተሳሳቱ ጊታሩ መቃጠሉ ነው፤ የሽማግሌው ፊት እየመጣ ድቅን ይልብኛል። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ።

በመጨረሻ የተናዘዘው ሰይድ ነው። "ወላሂ መምህር፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"እኔም!" አልሁ። እንዴት ያለ እፎይታ መሰላችሁ!

ከዚያማ ሥራው ቀለለ። በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል፣ ከገመዱ ደህና ጫፍ አንድ በአንድ እየነካን እያንዳንዱን ሽቦ ቦታውን አስመሰከርነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ሦስተኛው ሽቦ እዚያው ስፒና ላይ ተበየደ። ያም ሆኖ የስፒናው ማቀፊያ ደቅቋልና ሰው ካልያዘው ይላቀቃል። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ።

ድንኳኑ ውስጥ ሳጥኑ ሥር ቁጢጥ ብሎ ስፒናውን በሁለት እጁ ጨበጠው። ሙሽራዋ ስትወጣ ማሲንቆው አለቀሰ፤ ጋሽ በላይም አለቀሱ። መሃል ላይ ሰይድ ላቡን ሊጠርግ እጁን ቢያነሳ ድምፁ ጭጭ አለ። መልሶ ሲይዘው ማሲንቆው ቀጠለ።

ሽማግሌው ይህን አስተውለው ኖሯል። ድፍን መቶ ብር አውጥተው ወደኛ መጡ። ግንባሬን አዘጋጀሁ። አልፈውኝ ሄዱና፣ ብሩን በምራቃቸው አርሰው ሰይድ ግንባር ላይ ለጠፉት።

"አባቴ፣ እኔ እኮ..." ብሎ እጁን ሲያወናጭፍ ድምፁ እንደገና ጠፋ።

"ወሬህን ተውና ተጫወት እንጂ!" አሉት ጋሽ በላይ።

ስፒናውን ጨበጠና፣ ትከሻውን ነቅነቅ እያደረገ ተጫወተ። እስከ ዛሬ መርሳ ላይ ሰርግ ያለው ሰው ማሲንቆ ብሎ የሚሄደው ወደ ሰይድ ነው። እኔን ሲያገኙኝ ደግሞ "ያ ጊታር ይዞ አጠገቡ የቆመው" ይሉኛል።