ሁለት ኩንታል ውሃ

በዓይናቸው አይተው እንኳ የማያምኑ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሞላ ናቸው።

ልጃቸው ከባሕር ዳር የዓሣ ማኖሪያ ትልቅ አኳሪየም አመጣችላቸው። አናጢው ሰይድም በልኩ ከዋንዛ እንጨት ሰፊ ማስቀመጫ ሠራላቸው። ጋሽ ሞላ ዙሪያውን ዞረው፣ እግሮቹን ነቅነቅ አድርገው፣ «ሁለት ኩንታል ውሃ ይችላል?» አሉት።

«ጋሼ፣ በሬ ይችላል!» አለ ሰይድ ቅር ብሎት።

በሬ በቅርብ ስላልነበረ ሦስት ወፍራም ጎረቤቶች አስጠሩ። አዎን፣ አንዱ እኔ ነኝ! ውፍረቴ ለሰው ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነውና ደረቴን ነፋ አድርጌ ሄድሁ።

በረንዳው ላይ ማስቀመጫው ላይ ወጥተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንጨቱ አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። ሰይድ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ከዚያ በኋላ ግን ድምፅ የለም።

እንነሣ ስንል ጋሽ ሞላ ከለከሉን። «ቆዩ እንጂ! ውሃ እኮ አንዴ ከገባ አይነሣም።»

ቆየን። ፀሐዩ ደስ ይላል፤ የጉና ተራራ ከፊታችን ወለል ብሎ ይታያል፤ እግራችንን እንደ ሕፃን እያወዛወዝን ጨዋታው ደራ። በመጨረሻ ጋሽ ሞላም አላስቻላቸውምና መካከላችን ገቡ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘውዲቱ ዓሦቹን በባልዲ ይዘው ብቅ አሉ። «እህሳ፣ ገና አልተፈተሸም?»

«ተፈትሿል» አሉ ጋሽ ሞላ ሳይነሡ። «እንዲህ ያለ ግሩም ነገር ግን ለዓሣ አይሰጥም። ሰይድ፣ ነገ ለዓሦቹ ሌላ ሥራላቸው!»

እትዬ ዘውዲቱ አንዴ እኛን፣ አንዴ ባልዲውን አዩ። ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡና፣

«በሉ ጠጋ በሉልኝ» አሉ።